የተተከለ ኩላሊት ክትትል፦ ከሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ንቅለ ተከላ አድርጎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ቦርሳው በላብራቶሪ ወረቀት ይሞላል። ክሬቲኒን፣ ፖታሲየም፣ የታክሮሊመስ (ሰውነት ኩላሊቱን እንዳያጠቃ የሚወሰደው መድኃኒት) መጠን፣ የሽንት ፕሮቲን። ሐኪሙ ያለው አዲስ አበባ ነው። ታካሚው ያለው ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ ወይም ሸዋ ሮቢት ነው። በሁለት ቀጠሮ መካከል ያለውን ጊዜ ከኩላሊቱ ጋር የሚያሳልፉት ታካሚውና አስታማሚው ብቻ ናቸው። ይህ ጽሑፍ ለእነሱ ነው። የሐኪማችሁን ምክር አይተካም። ቁጥሩን አይታችሁ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ግን ይነግራችኋል።

ባዮማርከር ሲባል ምን ማለት ነው?

በደም ወይም በሽንት ውስጥ ተለክቶ የኩላሊቱን ሁኔታ የሚጠቁም ነገር ሁሉ ነው። ከዲያሊስስ (ደም በማሽን ከሚታጠብበት) ጊዜ ጀምሮ የምታውቁት ክሬቲኒንም አንዱ ነው። አንዳንዱ ኩላሊቱ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ ይናገራል። አንዳንዱ የመድኃኒቱን መጠን፣ ሌላው ደግሞ ሰውነታችሁ በኩላሊቱ ላይ መነሣት አለመነሣቱን ያሳያል። ለሁሉም መልስ የሚሰጥ አንድ ምርመራ እስካሁን የለም።

ምንም አያመኝም፣ ሽንቴም ደህና ነው። ታዲያ ለምን በየጊዜው ደም እሰጣለሁ?

የተተከለ ኩላሊት ሲጎዳ ብዙ ጊዜ አያምም። ከለጋሹ ሲወጣ ነርቮቹ አብረው ተቆርጠዋል። ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ማጥቃት ሲጀምር ሪጀክሽን ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይበዛል፣ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ መጀመሩን የሚናገረው ሕመም ሳይሆን የላብራቶሪ ወረቀት ነው። እግር እስኪያብጥና ሽንት እስኪቀንስ የጠበቀ ሰው ዘግይቷል።

የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1954 ቦስተን ውስጥ ነው። ሰጪውም ተቀባዩም ፍጹም ተመሳሳይ መንትያ ወንድማማቾች ነበሩ። የተቀባዩ ሰውነት ኩላሊቱን ከራሱ አልለየውም። ሌላው ሰው ያ ዕድል የለውም። በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ንቅለ ተከላ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ኩላሊቱ የሚመጣው በሕይወት ካለ ዘመድ ነው። ግን እናት ብትሰጥም፣ ወንድም ቢሰጥም፣ ሰውነት ልዩነቱን ያውቃል። መድኃኒቱም ክትትሉም የማይቋረጠው ለዚህ ነው።

ክሬቲኒኔ 1.4 ነው አሉኝ። ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። መልሱ፦ ከዚህ በፊት ስንት ነበር?

ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው። ኩላሊት ያጣራዋል። ማጣራቱ ሲቀንስ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ግን የሰው ጡንቻ ይለያያል። ጉልበቱ ጠንካራ የሆነ ገበሬና ከረጅም ሕመም የተነሣች ቀጭን ሴት እኩል የሚሠራ ኩላሊት ይዘው የተለያየ ቁጥር ሊያወጡ ይችላሉ። ለዚህ ነው ወረቀቱ ዳር ላይ ያለው "ኖርማል" የሚል መስመር ንቅለ ተከላ ላደረገ ሰው ብዙ የማይጠቅመው።

ሁለት ወንዶችን እንውሰድ። አንዱ ከንቅለ ተከላው በኋላ 1.4 ላይ ረግቶ ዓመት አልፎታል። ዛሬም 1.4 ነው። ደህና ነው። ሌላው ሁልጊዜ 1.0 ነበር፣ ዛሬ 1.3 መጣ። ላብራቶሪው ምንም ቀይ ምልክት ላያደርግበት ይችላል። ወረቀቱን ያየ ሁሉ "ኖርማል ነህ" ይለዋል። እሱ ግን ከራሱ መነሻ 30 በመቶ ጨምሯል። ስልክ መደወል ያለበት ይህ ሁለተኛው ሰው ነው። ሐኪሞች ቁጥሩ ከመነሻው 25 ወይም 30 በመቶ ያህል ሲጨምር ምክንያቱን መፈለግ ይጀምራሉ።

ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ተረስቶ አንድ ነገር ብቻ እንዲቀር ብጠየቅ የምመርጠው ይህን ነው። የራሳችሁን መነሻ ቁጥር በቃላችሁ እወቁት። አንድ ደብተር ግዙ። ቀኑን፣ የላብራቶሪውን ስም፣ ክሬቲኒኑን፣ የታክሮሊመሱን መጠን፣ የደም ግፊቱንና ክብደታችሁን በአንድ መስመር ጻፉ። ወረቀት ይጠፋል፣ የስልክ ፎቶ ይሰረዛል። ደብተሩን ግን ድንገት ታማችሁ በሌሊት ሆስፒታል ብትገቡ፣ ጨርሶ የማያውቃችሁ ተረኛ ሐኪም እንኳ በደቂቃ ውስጥ ያነበዋል።

አንዳንድ ላብራቶሪ ከክሬቲኒኑ ጎን የማጣራት አቅም የሚል ሌላ ቁጥር ያወጣል። እሱ ከክሬቲኒን፣ ከዕድሜና ከጾታ የሚሰላ ነው። ክሬቲኒኑ ከተሳሳተ እሱም አብሮ ይሳሳታል።

ክሬቲኒን ከጨመረ ሪጀክሽን ነው ማለት ነው?

አይደለም። መንዝ ውስጥ ማታ በጎቹ ወደ በረት ሲገቡ ይቆጠራሉ። አንድ ከጎደለ መጉደሉ ይታወቃል። ጅብ ይብላው፣ ገደል ይግባ፣ ከጎረቤት መንጋ ይቀላቀል ቆጠራው አይናገርም። ክሬቲኒንም እንደዚያ ነው። የሆነ ነገር እንደተለወጠ ይነግራችኋል፣ ምክንያቱን አይነግራችሁም።

ምክንያቱ የውሃ ማነስ ሊሆን ይችላል። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስቶ ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ሁለት ቀን የዋለ ሰው በቂ ውሃ ካልጠጣ ቁጥሩ ይጨምራል። ተቅማጥና ትውከትም እንዲሁ። የታክሮሊመስ መጠን ከልክ በላይ ሲሆን መድኃኒቱ ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳል። የሽንት ቧንቧ መጥበብ ሊሆን ይችላል። የሽንት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ቢኬ የሚባል ቫይረስም አለ፣ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ማስታገሻም አለ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊትን ይጎዳሉ። ወገቤን አመመኝ ብሎ ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ የገዛ ሰው ኩላሊቱን አደጋ ላይ ይጥላል። ለሕመም ሐኪማችሁ የሚፈቅድላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ፓራሲታሞል ነው። የባህል መድኃኒትም ከመውሰዳችሁ በፊት ንገሩ። ምን ያህል መጠን ምን እንደሚያደርግ ያልተለካ ቅጠል ለተተከለ ኩላሊት አይመከርም።

ሪጀክሽንም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ "ውሃ አንሶኝ ነው" ብሎ በራስ መደምደም አይገባም። ውሃ ጠጥታችሁ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ማስደገምና ሐኪሙን ማሳወቅ ነው።

ሲስታቲን ሲ የሚባል ምርመራ ከክሬቲኒን ይሻላል ይባላል። እውነት ነው?

ኩላሊት የሚያጣራው ሌላ ፕሮቲን ነው። በጡንቻ መጠን ስለማይወሰን ለቀጫጭን ሰዎች ይረዳል። ነገር ግን ፕሬድኒሶሎን፣ ሌላው የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት፣ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፕሬድኒሶሎን ይወስዳል። ሐኪሙ ሲያዝ ይሠራል፣ በራስ ተነሳሽነት የሚሮጥለት ምርመራ ግን አይደለም።

የፋሲካ ማግስት ስመረመር ጨመረ። ሥጋው ነው?

ሊሆን ይችላል። የበሰለ ሥጋ በራሱ ክሬቲኒን አለው። ጥሩ ዶሮና ጥብስ የበላ ሰው ለሰዓታት ያህል ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። 55 ቀን ሁዳዴን ጾሞ በአንድ ጊዜ ወደ ሥጋ ሲገባ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ከምርመራው በፊት ባለው ምሽት ሥጋ አታብዙ፣ ከባድ የጉልበት ሥራም አትሥሩ። ቀጠሮው በዓል ማግስት ከወደቀ ለሐኪሙ ንገሩ።

ቁርጥና ጥሬ ክትፎ ግን የቁጥር ጉዳይ አይደለም። የሰውነታችሁ መከላከያ በመድኃኒት ተዳክሟል። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ውስጥ ያለው፣ ለጤነኛ ሰው ቀላል የሆነ ተሕዋስ ለእናንተ ከባድ ነው። በዓል ላይ "ቅመስ፣ ምን ይልሃል" የሚል ዘመድ አይጠፋም። አስታማሚው ቀድሞ ይናገርለት፣ የበሰለውን ያቅርብለት።

ደብረ ብርሃን የተመረመርኩትና አዲስ አበባ የተመረመርኩት ለምን አይገጥምም?

መጀመሪያ መለኪያውን እዩ። አንዳንዱ ላብራቶሪ በሚሊግራም በዴሲ ሊትር ይጽፋል፣ አንዳንዱ በማይክሮሞል በሊትር። 1 ሚሊግራም በዴሲ ሊትር ማለት 88.4 ማይክሮሞል በሊትር ነው። ወረቀት ላይ 115 አይቶ የደነገጠ ሰው ለ88.4 ሲያካፍለው 1.3 ያገኛል።

መለኪያው አንድ ሆኖም ትንሽ ልዩነት ይኖራል። ማሽኑና ኬሚካሉ ይለያያል። ክሬቲኒን በሁለት ዋና ዋና ዘዴዎች ይለካል። የቆየውንና ርካሹን ዘዴ ደም ውስጥ ያለ ብዙ ስኳር፣ ቢሊሩቢንና አንዳንድ አንቲባዮቲክ ያሳስተዋል። በ1.2 እና በ1.3 መካከል ያለው ልዩነት የማሽን ልዩነት ብቻ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለዘወትሩ ክትትል አንድ ላብራቶሪ ምረጡና በእሱ ጽኑ። አቅራቢያችሁ ያለው ሐኪም ግዛው ሆስፒታል ከሆነ እዚያው፣ ሌላ ከሆነም እዚያው። በየጊዜው እየቀያየሩ መመርመር ቁጥሩን ያምታታዋል። ሐኪሙም የትኛው ለውጥ እውነተኛ እንደሆነ መለየት ይቸግረዋል።

የታክሮሊመስ ምርመራ ቀን መድኃኒቱን ውጬ ልሂድ?

አትዋጡት። ኪሳችሁ ይዛችሁት ሂዱ። ደሙ ከተቀዳ በኋላ ወዲያው ዋጡት።

ምክንያቱን ላስረዳ፣ ምክንያቱን ያወቀ ሰው አይረሳውምና። ሐኪሙ ማየት የሚፈልገው መድኃኒቱ ደም ውስጥ በጣም ዝቅ የሚልበትን ነጥብ ነው። ይህም ያለፈው ከተዋጠ 12 ሰዓት ሲሞላ፣ የሚቀጥለው ከመዋጡ በፊት ነው። ጠዋት ውጣችሁ ከሰጣችሁ ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል። ሐኪሙ መድኃኒቱ በዝቷል ብሎ ሊቀንስላችሁ ይችላል። ያልበዛ መድኃኒት መቀነስ ደግሞ ሪጀክሽን ይጋብዛል። አንዲት እንክብል በተሳሳተ ሰዓት ተውጣ የወር ሕክምና ታዛባለች።

ለአብዛኛው የሰሜን ሸዋ ሰው ይህ ምርመራ የሚገኘው አዲስ አበባ ነው። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ዋዜማውን ሄዶ ማደር አለበት። መድኃኒት የምትወስዱት ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ከሆነ ደሙ 2 ሰዓት ገደማ መቀዳት አለበት። ከደብረ ብርሃን ሌሊት ተነስታችሁ የምትደርሱት 4 ሰዓት ከሆነስ? ሰዓቱን እዚያው ለደም ቀጂው ንገሩ፣ ወረቀቱም ላይ አስጽፉት። "ማታ 2 ሰዓት ተወሰደ፣ ደም 4 ሰዓት ተቀዳ" የሚል አንድ መስመር ሐኪሙን ከስሕተት ያድነዋል። ሁልጊዜ የምትዘገዩ ከሆነ ደግሞ መውሰጃ ሰዓታችሁን ወደ 3 ወይም 4 ሰዓት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ሐኪሞች ከ8 እስከ 12 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ያህል ይፈልጋሉ። ቆይቶ ከ5 እስከ 8 ያወርዱታል። የእናንተ ልክ ስንት እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቃችሁ ደብተሩ ላይ ጻፉት።

አንዱን ወር 4፣ ሌላውን 11፣ ቀጣዩን 6 እያለ የሚዋዥቅ መጠን ራሱን የቻለ መጥፎ ምልክት ነው። እንዲህ የሚዋዥቅባቸው ሰዎች ኩላሊት ቶሎ እንደሚጎዳ በጥናት ታይቷል። ብዙ ጊዜ መንስኤው የተዘለለ መድኃኒት፣ የተዛባ ሰዓት ወይም ሌላ መድኃኒት ነው። ክላሪትሮማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲንና ፍሉኮናዞል መጠኑን ከፍ ያደርጉታል። ተቅማጥም እንዲሁ። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ክፉኛ ያወርዱታል። በጤና ጣቢያም ሆነ በፋርማሲ የመጀመሪያው ቃላችሁ "ኩላሊት ተተክሎልኛል፣ ታክሮሊመስ እወስዳለሁ" የሚል ይሁን።

ጾምና ጠበልስ?

ብዙዎች ይህን ለሐኪም መጠየቅ ያፍራሉ። ሐኪሙ እምነቴን ይነካል ብለው ይሰጋሉ። ከዚያ ዝም ብለው መድኃኒቱን እስከ 9 ሰዓት ያቆዩታል። የጠዋቱ 2 ሰዓት መድኃኒት ቀን 9 ሰዓት ተውጦ የማታው በ2 ሰዓት ሲደገም በመካከሉ የሚቀረው 5 ሰዓት ብቻ ነው። ከማታ እስከ ቀን ያለው ደግሞ 19 ሰዓት ይሆናል። መጠኑ የሚዋዥቀው እንዲህ ሲሆን ነው።

የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ታዝናለች፣ መድኃኒት በሰዓቱ በውሃ መውሰድን አትከለክልም። ሥጋና ወተት መተው ግን ኩላሊቱን አይጎዳም። ምስር፣ ሽሮና ባቄላ ፕሮቲን አላቸው። ፖታሲየም ከፍ ብሎባችሁ ከሆነ ብቻ የጥራጥሬውን መጠን ሐኪም ይወስን። ታክሮሊመስ ፖታሲየምን ከፍ ያደርጋልና ይህ ይገጥማል።

ረመዳንም እንዲሁ። በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ አካባቢ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ እስልምናም ለታመመ ሰው ከጾም ነፃነት ይሰጣል። መጾም የሚፈልግ ሰው ወሩ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ታክሮሊመስ አለ፣ መቀየር ግን የሚቻለው በሐኪም ክትትል ነው። በተለይ ቆላ ላይ ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ መዋል ለአንድ ኩላሊት ከባድ ነው።

ሸንኮራ ዮሐንስና ሰላድንጋይ ጻድቃኔ ማርያም የሚሄዱ ሰዎች አሉ። ሂዱ። መድኃኒቱን ግን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሱባዔ ገብታችሁም በሰዓቱ ዋጡ። ስትጠጡ የውሃውን ንጽሕና ነገር ቀድማችሁ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት። ጠበሉን አምኖ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ኩላሊቱን የሚያጣው በጠበሉ አይደለም፣ በማቋረጡ ነው።

ሽንት ለምን ይመረመራል? ደሙ አይበቃም?

አይበቃም። ፕሮቲን ሽንት ውስጥ መታየት ሲጀምር ክሬቲኒኑ ገና ያልጨመረ ሊሆን ይችላል። የኩላሊቱ ወንፊት መላላቱን ይናገራል። መጀመሪያ የራሳችሁን ኩላሊት የጎዳው በሽታ ተመልሶ መምጣቱንም ሊያሳይ ይችላል። ምርመራው ርካሽ ነው፣ ዞኑ ውስጥም ይሠራል። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ይመረጣል። በወር አበባ ጊዜ ወይም ትኩሳት ላይ እያላችሁ ከሰጣችሁ ንገሩ፣ ውጤቱን ያዛባል። ሽንቱ አረፋ ከበዛበት ቀጠሮ አትጠብቁ።

የለጋሹን ዲኤንኤ በደም የሚለካ አዲስ ምርመራ አለ ይባላል። ለእኛ ይሠራል?

አለ። ሐሳቡም ያስደስታል። ሴል ሲሞት የዲኤንኤ ቁርጥራጭ ወደ ደም ይለቃል። በእናንተ ደም ውስጥ ያለው አብዛኛው ቁርጥራጭ የራሳችሁ ነው። ጥቂቱ ግን ከተተከለው ኩላሊት የመጣ ነው። ምርመራው የለጋሹ ድርሻ ከጠቅላላው ስንት በመቶ እንደሆነ ያሰላል። ኩላሊቱ ሲጠቃ ብዙ ሴል ይሞታል፣ ድርሻውም ይጨምራል። ቁርጥራጩ በሰዓታት ውስጥ ከደም ስለሚጠፋ የሚናገረው ስለ ዛሬ ነው። አንዳንድ ጊዜ ክሬቲኒን ከመንቀሳቀሱ በፊት ይናገራል።

አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት 1 በመቶን እንደ መለያ ወሰደ። ከ1 በመቶ በላይ ከወጣላቸው መካከል ንቁ ሪጀክሽን የተገኘባቸው 61 በመቶ ያህሉ ነበሩ። ከዚያ በታች ከሆኑት ደግሞ 84 በመቶ ያህሉ አልነበረባቸውም። ቁጥሮቹን በጥሞና እዩአቸው። ከፍ ካለባቸው 39 በመቶ ያህሉ ሪጀክሽን የለባቸውም። ዝቅ ካለላቸው ጥቂቶቹ ግን አለባቸው። አንቲቦዲ (ሰውነት ባዕድ ነገርን ለማጥቃት የሚሠራው ፕሮቲን) የሚያመጣውን ሪጀክሽን በደንብ ይይዛል። ቀለል ያለውን፣ በሴሎች የሚመጣውን ሊያሳልፈው ይችላል። የቢኬ ቫይረስ ጉዳትና የሽንት ኢንፌክሽንም ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ለእኛ የሚመለከት ሌላም ነገር አለ። የእኛ ለጋሾች ብዙዎቹ የሥጋ ዘመድ ናቸው። የወንድማማች ዲኤንኤ በብዙ ይመሳሰላል፣ ስለዚህ ስሌቱ ዝምድናውን ማወቅ አለበት። ከተመሳሳይ መንትያ ለተቀበለ ሰው ጨርሶ አይሠራም። ደሙም የሚቀዳው ነጭ የደም ሴሎች እንዳይፈርሱ በሚያደርግ ልዩ ቱቦ ነው። በተራ ቱቦ ተቀድቶ ቀናት የቆየ ደም የራሳችሁን ዲኤንኤ እየለቀቀ ውጤቱን ያበላሸዋል።

በአገራችን ይህ ምርመራ የዘወትር ክትትል አካል አልሆነም። ውጭ ያለ ዘመድ "እኔ እከፍላለሁ፣ ደሙን ላኩ" ሊላችሁ ይችላል። ፍቅሩ ትልቅ ነው። ከመላካችሁ በፊት ግን ሐኪማችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ "ውጤቱ ከፍ ቢል ምን ትለውጣለህ? ዝቅ ቢልስ?" መልሱ "ምንም" ከሆነ ያ ገንዘብ ለታክሮሊመስ ምርመራ፣ ለመጓጓዣና ለማደሪያ ይዋል። እኔ እንደማምነው በሰዓቱ የተቀዳ የታክሮሊመስ ደምና በአንድ ላብራቶሪ የተለካ ክሬቲኒን ዛሬ ለአንድ የመንዝ ታካሚ ከዚህ ምርመራ የበለጠ ይጠቅሙታል።

ሌሎች አዳዲስ ምርመራዎችስ?

ሽንት ውስጥ ሲኤክስሲኤል 9 እና ሲኤክስሲኤል 10 የሚባሉ ፕሮቲኖች ይለካሉ፤ ኩላሊቱ ውስጥ ብግነት ሲነሳ ይጨምራሉ። የደም ሴሎች የትኞቹን ጂኖች እንዳበሩ የሚያዩ ምርመራዎችም አሉ። ቶርክ ቴኖ የሚባል ጉዳት የማያደርስ ቫይረስም ይለካል። መከላከያው በጣም ከተዳከመ ቫይረሱ ይበዛል፣ ካልተዳከመ ያንሳል። መድኃኒቱ በዝቷል ወይስ አንሷል ለሚለው ፍንጭ እንዲሰጥ ታስቦ ነው። ብዙዎቹ ገና በምርምርና በትልልቅ ማዕከሎች ደረጃ ናቸው።

ሐኪሜ "በለጋሹ ላይ የተሠራ አንቲቦዲ" አለ። ምንድን ነው?

ሰውነታችሁ በለጋሹ ሴሎች ላይ ያለውን መለያ አውቆ መሣሪያ ሠርቷል ማለት ነው። በንቅለ ተከላው ጊዜ ሳይኖር በኋላ ሊፈጠር ይችላል። ዋናው መንስኤ የመድኃኒት ማነስ ነው፣ ብዙ ጊዜ መድኃኒት እየተዘለለ። መገኘቱ ብቻውን ኩላሊቱ ጠፋ ማለት አይደለም። ክትትሉ ግን ይጠናከራል። ደም የተሰጠው ሰው ወይም ያረገዘች ሴትም እንዲህ ያሉ አንቲቦዲዎች ሊኖሩባቸው ስለሚችል፣ ደም መውሰድ ካስፈለገ የንቅለ ተከላ ሐኪሙ ይወቅ።

ቢኬ ቫይረስ የተባለውስ?

ብዙ ሰው በልጅነቱ የሚይዘው ቫይረስ ነው። ኩላሊት ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። መከላከያ ሲዳከም ይነሳና የተተከለውን ኩላሊት ይጎዳል። ትኩሳት የለውም፣ ሕመም የለውም። ደም ውስጥ በፒሲአር ይፈለጋል፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት። ከሪጀክሽን መለየቱ የግድ ነው፣ ሕክምናቸው ተቃራኒ ነውና። ለሪጀክሽን መድኃኒት ይጨመራል፣ ለቢኬ ይቀነሳል። ክሬቲኒን ስለጨመረ ብቻ በግምት መድኃኒት መጨመር አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ምርመራ እያለ ባዮፕሲ ለምን ያስፈልጋል?

እስካሁን ምክንያቱን በእርግጠኝነት የሚለየው ከኩላሊቱ ትንሽ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ስለሆነ ነው። በመርፌ ይወሰዳል፣ ቦታው ይደነዝዛል። የመድማት አደጋ ስላለው ሐኪሞች በከንቱ አያዙትም። ሌሎቹ ምርመራዎች ዋና ጥቅማቸው መቼ ናሙና መወሰድ እንዳለበትና መቼ መቅረት እንደሚችል መጠቆማቸው ነው። ከታዘዘላችሁ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እንደምትወስዱ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ሄሞግሎቢኔ በጣም ከፍ ብሏል። ደስ ይበለኝ?

በዲያሊስስ ጊዜ ደም ማነስ ያሰቃየው ሰው ደስ ቢለው አይፈረድበትም። አዲሱ ኩላሊት ደም የሚያመርት ሆርሞን እየሠራ ነው። ግን አንዳንዱ ላይ ልክ ያልፋል፣ ደሙም ይወፍራል፣ የመርጋት አደጋ ይመጣል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደጋ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢን ከቆላው ሰው በተፈጥሮው ከፍ ይላል። ሐኪሙ የምትኖሩበትን ከፍታ ያውቅ ዘንድ ንገሩት። በተቃራኒው ሄሞግሎቢን ቀስ በቀስ ሲወርድ የኩላሊቱ መድከም ወይም የመድኃኒቱ ውጤት ሊሆን ይችላል።

በስንት ጊዜ ልመርመር?

በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ፣ በመጀመሪያው ወር በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር በየሳምንቱ፣ እስከ ስድስተኛው ወር በየሁለት ሳምንቱ፣ እስከ ዓመቱ በየወሩ፣ ከዚያ በየሁለት ወይም ሦስት ወሩ። ይህ ዓለም አቀፍ የክሬቲኒን ክትትል መመሪያ ነው። መንገድ ሲዘጋ፣ ክረምት ሲከብድ ወይም ጉዞ አስጊ ሲሆን አዲስ አበባ መድረስ አይቻል ይሆናል። ያኔ ክሬቲኒን፣ ሽንትና የደም ግፊት አቅራቢያችሁ ተለኩና ውጤቱን በስልክ ላኩ። መድኃኒታችሁ ደግሞ ከማለቁ ቀደም ብሎ ይሞላ። መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት ያለቀበት ሰው ቁጥሩን መለካቱ አያድነውም።

ቀጠሮ ሳልጠብቅ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ትኩሳት ከ38 ዲግሪ በላይ ከሆነ። ሽንት ከቀነሰ። ክብደት በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ያህል ከጨመረ ወይም እግር ካበጠ። የደም ግፊት ከለመዳችሁት በላይ ከወጣና ካልወረደ። የተተከለበት ቦታ፣ ከሆድ በታች በጎን በኩል፣ ካመመ። ትውከት መድኃኒቱን ካስመለሳችሁ። በቆላ ቀበሌዎች ትኩሳት ሲመጣ "ወባ ነው" ተብሎ ይታለፋል። የወባ ምርመራው ይደረግ፣ ግን በእሱ አይቁም።

ኩላሊት የሰጠው ወንድሜስ ክትትል ያስፈልገዋል?

ያስፈልገዋል፣ ብዙ ቤት ውስጥም ይረሳል። ሁሉም ዓይን ተቀባዩ ላይ ነው። ሰጪው በዓመት አንድ ጊዜ ክሬቲኒን፣ የሽንት ፕሮቲንና የደም ግፊት ይለካ። በአንድ ኩላሊት ስለሚኖር ክሬቲኒኑ ከመስጠቱ በፊት ከነበረው ትንሽ ከፍ ይላል። ይህ በሽታ አይደለም፣ አዲሱ መነሻው ነው። ይህን የማያውቅ ላብራቶሪ ወይም ሐኪም ሊያስደነግጠው ይችላል፣ ስለዚህ መስጠቱን ይናገር። ለእሱም አንድ ደብተር ግዙለት። እርሻ ውሎ ወገቡን ሲያመው፣ ዳይክሎፌናክ ከመወጋቱ በፊት፣ ያለው አንድ ኩላሊት እንደሆነ ለጤና ጣቢያው ይንገር።